ደፋርና ጭስ

የመርካቶን ሱቅ ከመንገድ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያየው ግማሹን ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከሻጩ ራስ በላይ ነው። በወለሉና በጣሪያው መካከል በአጣናና በጣውላ ሌላ ወለል ይረበረባል፤ ቆጥ ይሉታል። መውጫ መሰላሉ ግድግዳ ተጠግቶ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ለአንድ ሰው እንኳ የሚጠብ ነው። ቆጡ ላይ ካርቶን ቆርቆሮ እስኪነካ ይደረደራል። ከታች ደግሞ ከአንድ ቆጣሪ የተሳበ መስመር ለሦስት ለአራት ሱቅ ይዳረሳል፤ ማከፋፈያው ላይ ሌላ ማከፋፈያ ይሰካል፣ መጨረሻው ላይ ምድጃ አለ፤ ቡና መፈላቱ አይቀርምና። «ይኼ ነገር አያሰጋም?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ከቦምብ ተራ እስከ ሰባተኛ የሚያገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «ኧረ ምንም አይልም!»

መልሱን ለመናቅ አልቸኩልም፤ ማስረጃ አለውና። ቆጡ ሲሠራ ጎረምሳ የነበረው ባለሱቅ ዛሬ ልጁን አስቀምጦ እሱ ከበር ይውላል። በዚያ ሁሉ ዓመት ሽቦው አልነደደም፣ መሰላሉ ማንንም አልጣለም። ከኑሮው የሚማር ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይማር? እውቀት የምንለው ነገር ራሱ ትናንት የሆነው ነገም ይሆናል ከሚል እምነት ላይ የቆመ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን እምነት በዶሮ መስሎታል። ዕድሜዋን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እህል ሲበትንላት የኖረው ሰው፣ በመጨረሻው ጠዋት አንገቷን ይጠመዝዛታል። ለእንግሊዞች ምሳሌው እንዴት እንደሚሰማ እንጃ፤ የፋሲካ ዋዜማ ገበያ የወጣ አበሻ ግን ማብራሪያ አያሻውም።

የዶሮዋ ስሕተት ማስረጃ ማጣት አይደለም። እንዲያውም በሰው ላይ ያላት እምነት ማስረጃው ከምንጊዜውም የበዛው አንገቷ በሚጠመዘዝበት ጠዋት ነው። የ«ምንም አይልም» መዘዝም እዚህ ላይ ነው። ቆጡ ሲያረጅ፣ የሽቦው ልባስ ሲሰነጣጠቅ፣ ካርቶኑ ሲከመር አደጋው ዕለት በዕለት ያድጋል፤ የባለሱቁ ልብም ዕለት በዕለት ይደፍራል። ሁለቱ እኩል እያደጉ ሄደው አንድ ቀን ይገናኛሉ። በዚያ ላይ ምስክሮቹ ሁሉ ከአንድ ወገን ናቸው። «ምንም አይልም» የሚለን የተረፈው ነው። ያልተረፈው ከሱቁ በር ላይ ቆሞ አያጫውተንም።

ይህን የመርካቶ ሰው አላዋቂነት አድርጎ የሚያይ የተማረ አንባቢ ካለ፣ የተማሩትን ልጥራለት። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከተነሣች ከአንድ ደቂቃ ጥቂት በኋላ ፈርሳ የያዘቻቸው 7 ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ የሮኬቱን መገጣጠሚያ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት ነበር። ጎማው እንደሚጎዳ መሐንዲሶቹ ከበፊት በረራዎች ያውቁ ነበር፤ ግን መንኮራኩሮቹ በሰላም ተመልሰዋል። ሶሲዮሎጂስቷ ዳያን ቮን ይህን ውሳኔ ዓመታት ወስዳ መርምራ በ1996 ባወጣችው መጽሐፍ፣ ሰዎቹ ሕግ የጣሱ ሞገደኞች እንዳልነበሩ አሳየች። ጉድለቱን አንድ ጊዜ አለፉት፣ ምንም አላለም፤ ሁለተኛም አለፉት፣ ምንም አላለም፤ በስተመጨረሻ ጉድለቱ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ልማድ ሆነ። ናሳና ምናለሽ ተራ በገንዘብ ይለያዩ ይሆናል፤ በዚህ ነገር ግን አይለያዩም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ ማታ፣ ሸማ ተራ አካባቢ እሳት ተነሣ። ለብዙ ሰዓታት ነደደ። የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሠራተኞች ከእሳቱ ጋር ብቻ አልነበረም የታገሉት፤ ከመንገዱ ጥበት፣ እርስ በርሱ ከተጣበቀው ሱቅና ከሸቀጡ ክምር ጋርም ነበር። ከንቲባ አዳነች አቤቤም የቦታው መጨናነቅ ሥራውን እንዳከበደው በጊዜው ተናግረዋል። እሳት አጥፊው ወደ ውስጥ ለመግባት ሲጣጣር ነጋዴው ዕቃውን ተሸክሞ ለመውጣት ይጣጣራል። ዕቃ ለማትረፍ ወደሚነድድ ሕንፃ መሮጥ! ከሩቅ ለሚያየው የለየለት ጅልነት ነው።

ከሩቅ ለሚያየው ነው ያልሁት። ያ ሰው ምን ይዞ እንደሚሮጥ እንመርምር። ሸቀጡ የሱ አይደለም፤ በዱቤ የወሰደው ነው፣ ቼክ ጽፎበታል። የቀረው ገንዘብ ከዕቁብ የወጣ ነው፤ ዕቁቡ ገና አልተጨረሰም፣ ዋሶቹ ጎረቤቶቹ ናቸው። ኢንሹራንስ ማለት ለብዙው የመርካቶ ነጋዴ ለመኪና የሚገባ ነገር ነው። ስለዚህ ቦንዳው ሲቃጠል የሚቃጠለው ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ የሰውየው ስም፣ የዋሶቹ ቤት፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ አብሮ ይነድዳል። ከእሳት ተርፎ በዕዳ መሞትን ያየ ሰው ነው። ጅል ለማለት ከመቸኮሌ በፊት እኔ በቦታው ብሆን ምን እንደማደርግ መጠየቅ ይገባኛል፤ መልሱን ግን አልወደውም።

ከመርካቶ ወጣ ብለን ቆሼን እናስብ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። ከሥሩ ጎጆ ቀልሰው የነበሩት ሰዎች ተራራው ተራራ መሆኑን አላጡትም። ሌላ መሬት ነው ያጡት። እነሱን ጅል የሚል አንደበት ካለ ይቅር ይበለው። እንግዲህ ሳያስፈልግ የሞተን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት አይቻልም ማለት ነው። አንዱ ምርጫ አጥቶ ነው፣ አንዱ ልማድ አደንዝዞት ነው። ሌላው ግን አለ፤ ስለሱ ነው መጻፍ የፈለግሁት።

የመርካቶ ልጅ ሰውን በሁለት ይከፍላል፤ አራዳና ፋራ። መንገድ ለመሻገር ግራ ቀኙን የሚያይ ፋራ ነው። የጫነው አይሱዙ ላይ ከጆንያው ክምር በላይ ቂብ ብሎ በመንቀጥቀጡ የሚስቀው አራዳ ነው። አይሱዙን ራሱን ሕዝቡ በአንድ ወቅት «አልቃይዳ» ብሎት ነበር፤ የስንቱን ነፍስ እንዳጠፋ ለመናገር፤ ደግሞ በስሙ ውስጥ አድናቆትም አለበት፣ አንካድ። ተሸካሚው ክፍያው በቁጥር ነውና ፎቁን በሩጫ ይወጣል፤ ቀስ ብሎ የሚወጣው ማታ ራቱን ያጣል። ስለዚህ ጥንቃቄ መርካቶ ውስጥ ዋጋ ያለው ሸቀጥ ነው፤ ሁሉም አይገዛውም። ያልገዛው ሰው ደግሞ አልገዛሁም አይልም፤ «ፋራ አይደለሁም» ይላል። ድህነቱን በጀግንነት ይሸፍነዋል። ይህ መሸፈኛ ደግሞ ደግ ነገር አይምሰላችሁ፤ ድህነቱን የፈጠረበትን ሰው ነው የሚሸፍነው።

ቋንቋችን ከደፋር ጋር ፍቅር አለው። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» እንላለን። የአዲስ አበባ እሳት አጥፊዎች በየበዓሉ ዋዜማ የሚያስጠነቅቁትን የሰማ ሰው ይህን ተረት ደፍሮ አይተርትም። ቤቱን ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ የሚተኛ ቤተሰብ ሌሊት ያልቃል፤ ከሰሉ ጭሱን ከጨረሰ በኋላ የሚያወጣው ገዳይ አየር ሽታም ቀለምም የለው፤ ወጥቶ ሳይሆን ሞልቶ ነው የሚገድለው። ጭስ መውጫ ሲያጣ አለ። ለጽዳት ጉድጓድ ገብቶ የሚቀረው ሠራተኛና እሱን ላውጣ ብሎ የሚከተለው ጓደኛውም መውጫ ያጣሉ፤ ይህ ዓይነቱ ዜና በከተማችን ተደጋግሞ ይሰማል። ተረቱን የተረተው የወጣው ደፋር መሆን አለበት። ያልወጣው አልተረተም።

ጀግንነታችንን የምናስታውስበት መንገድም እንዲሁ ያደላ ነው። ዓድዋን ስናነሣ የሚታየን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ጎራዴው፣ ፈረሱ፣ ሩጫው። ከዚያ በፊት በጥር መቀሌ ላይ የሆነውን ግን ከልጆቻችን ስንቱ ይነግረናል? በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የመሸገውን የማጆር ጋሊያኖን ጦር በደረት ለመግጠም ተሞክሮ ብዙ ሰው በከንቱ አለቀ። ግድግዳው አልነቃነቅ አለ። ምሽጉን ያስለቀቀው ጎራዴ አይደለም፤ እቴጌ ጣይቱ ምንጩን እንያዝ ብለው በወታደሮቻቸው ያስጠበቁት ውኃ ነው። የተጠማው ጦር ከቀናት በኋላ ምሽጉን ለቅቆ ወጣ። በዓድዋም ዐፄ ምኒልክ ጠላት ከተመቸው ቦታ እንዲወጣ ነው የጠበቁት። ሳያመዛዝን የተጣደፈው የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ነው፤ ከሮም በሚጎርፈው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የክሪስፒ ቴሌግራም ክብሩ ተነክቶ፣ ስንቁ ተመናምኖ፣ መንገዱን በቅጡ በማያውቀው ተራራ ውስጥ ጦሩን በሌሊት አንቀሳቀሰ። ጭፍን ድፍረት በዓድዋ ተሸናፊው ዘንድ ነበረ። እኛ ግን ከድሉ የወረስነው ሩጫውን እንጂ ምንጩን አይደለም።

አርስጣጣሊስ ጀግንነትን ከፍርሃትና ከጭፍን ድፍረት መካከል ያስቀምጠዋል፤ ይህ የታወቀ ነው። ያነሰ የሚታወቀው ሌላ አስተያየቱ ነው። ጭፍን ደፋር አደጋው ከመምጣቱ በፊት ይጓጓል፣ ሲመጣ ግን ያፈገፍጋል፤ ጀግና አስቀድሞ ዝም ያለ ነው፣ በሰዓቱ ግን አለ። በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የምናገኘውም ተራኪ (የጽሑፉ ደራሲ ማን እንደሆነ ምሁራን አሁንም ይከራከራሉ) ነፍሱን ሊያጠፉ ሲፈልጉት ከአክሱም ሸሽቶ ዋሻ ገባ፤ ዐፄ ሱስንዮስ እስኪሞቱም እዚያ ቆየ። አደባባይ ወጥቶ ቢሞት ዘፈን ይዘፈንለት ነበር፤ ሐተታው ግን አይኖርም።

እውነተኛ ድፍረት አላየንም ማለቴ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ሲንሸራተት፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ጎረቤቶች ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። በጠቅላላው ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። በመጀመሪያው ናዳ ሥር ሰው ነበረ፤ የሮጡት ለሰው ነው፤ ያስያዙት የራሳቸውን ነፍስ ነው። ድፍረት የሚለው ስም ለነሱ ይገባል። ይህን መለኪያ ይዘን እንሂድ፦ ደፋሩ ያስያዘው የማንን ነፍስ ነው? የሚያተርፈውስ ማንን ነው?

በዚህ መለኪያ መርካቶን ብንመዝናት ብዙ «ደፋር» ከሚዛኑ ይወርዳል። ባለአምስት ፎቅ ሕንፃ ሠርቶ የአደጋ ጊዜ መውጫውን ደረጃ ለመጋዘን የሚያከራየው ሰው ደፋር አይደለም። እሱ ማታ ቤቱ ነው የሚተኛው። ደረጃው ላይ የተከመረው ካርቶን ኪራይ የሚያስገባው ለሱ ነው፤ ካርቶኑ መንገድ ሲዘጋ የሚሞተው ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ስፌት የምትሰፋው ልጅ ናት። ኮንቴይነር ሙሉ ቀለም ማቅጠኛ ከፍራሽ ስፖንጅ ጎን የሚያከማቸው፣ የኋላ በር ላይ «ሌባ ይገባል» ብሎ ቁልፍ ገጥሞ ቁልፉን ይዞ የሚሄደው፣ ልምድ የሌለውን ወጣት ያለ ገመድ ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ከታች «ቶሎ በል!» የሚለው፣ ሁሉም በሰው ነፍስ ነው የሚወራረዱት። በራስ ነፍስ መወራረድ ጅልነት ሊሆን ይችላል። በሌላ ሰው ነፍስ መወራረድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለሱ የሚሆነው ቃል ከጅልነት ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ በትራያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ 146 ሠራተኞች በእሳት አለቁ፤ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። ከመውጫ በሮቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኞቹ ጨርቅ ይሰርቃሉ በሚል ሥጋት። ባለቤቶቹ ተከስሰው ነጻ ወጡ፤ ከኢንሹራንስ ያገኙትም ገንዘብ ለሟቾቹ ቤተሰቦች ከከፈሉት እጅግ የላቀ ነበር። ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013፣ ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ስንጥቁ የታየው በዋዜማው ነው። ከታች የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤት ላከ። ላይ የነበሩት ልብስ ሰፊዎች ግን በማግሥቱ ግቡ ተባሉ፤ ያልገባ ደመወዙ ይቀራል ተባሉ። ሕንፃው አንድ፣ ስንጥቁም አንድ ነው። ለባንኩ ሠራተኛ አደጋ የሆነው ስንጥቅ ለሰፊዋ «ምንም አይልም» ሆነ። ይህን ያህል ግልጽ ማስረጃ ካለ፣ «ምንም አይልም» የሚለውን ፍርድ የሚሰጠው የግንቡ ጥንካሬ ሳይሆን የተናጋሪው ሥልጣን ነው ብል አልዋሸሁም።

ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ደግሞ አለን፤ ከአደጋው በኋላ የምንለው። «ቀኑ ደርሶ ነው።» መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የቆመው የእንጨት ርብራብ የማርያምን በዓል ለማክበር በመጡት ምእመናን ላይ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሠርገኛ የጫነ አይሱዙ ወንዝ ገብቶ ከ70 በላይ ሰዎች አለቁ። ልጇን የቀበረች እናት «ቀኑ ነው» ብትል መጽናኛዋ ነው፤ ማንም አይንካባት። ለቅሶ ቤት የፍርድ ቤት ቋንቋ አይነገርም። ሰው ለመጫን ያልተሠራ የጭነት መኪና ላይ ሠርገኛውን ማን እንዳሳፈረ፣ ርብራቡን ማን እንዳቆመ፣ ምን ያህል ሸክም እንዲችል እንደታሰበ የመመርመር ግዴታ ያለበት ባለሥልጣን ግን ይህን ቃል ከእናቲቱ አፍ ተውሶ ሲናገር ነውር ነው። ከአደጋው በፊት «ምንም አይልም»፣ ከአደጋው በኋላ «ቀኑ ነው»፤ በሁለቱ መካከል አንድ ሰው የሠራው ወይም ያልሠራው ሥራ ነበረ፤ ያ ሥራ ባለቤት አጥቶ ይቀራል።

ፈጣሪንም በዚህ ነገር ውስጥ አለቦታው እናስገባዋለን። መርካቶ ራጉኤልና አንዋር መስጊድ የሚተያዩባት ሰፈር ናት፤ ሁለቱም ደጅ የሚሰበከው ከዚህ የተለየ ነው። ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ጣሪያውን መከለያ እንዲያበጅለት ያዝዛል፤ ካላበጀና ሰው ከወደቀ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የተጻፈ የሕንፃ ደንብ ነው! የሚወድቀው ሰው ቀኑ ስለመድረሱ አንድ ቃል የለበትም፤ የሚናገረው ስለ ባለቤቱ ነው። ክርስቶስም ከመቅደሱ ጫፍ ዝለል፣ መላእክት ይይዙሃል ሲባል አልዘለለም። በእስልምናም ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ያለውን ሰው ነቢዩ መሐመድ መጀመሪያ እሰራት እንዳሉት ይተረካል። ሃይማኖተኛ ነኝ የሚል የሕንፃ ባለቤት ከሁለቱ ደጆች በአንዱ ሲያልፍ ይህን ሰምቷል።

ሃይማኖቱ ከበደኝ የሚል ሕጉ አለለት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጉዳቱን አስቀድሞ ሊገምተው ባይችል እንኳ። በቁጥር 2069 ደግሞ ፈንጂ ወይም መርዛም ነገር በማከማቸት ሌላውን ሰው ለአደጋ ያጋለጠ፣ አደጋው ሲደርስ ይጠየቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ሊመጣ የሚችለውን እያወቀ «አይደርስም» ብሎ የሚያደርግን ሰው ቸልተኛ ይለዋል። «ምንም አይልም» እንግዲህ በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ የታወቀ ወንጀል ነው። ቅጣቱን ሳይ ግን ዝም ማለት አልችልም። በአንቀጽ 543 መሠረት ሰውን በቸልተኝነት የገደለ ተራ ጥፋተኛ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት፣ አለዚያም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። አራት ሺህ ብር ዛሬ መርካቶ ውስጥ አንድ ደህና ጥንድ ጫማ ይገዛ ይሆናል። የሞተው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከሆነ፣ ወይም ጥፋተኛው በግልጽ የተነገረን ደንብ ጥሶ ከሆነ እስራቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ይደርሳል። ሕጉ ጥርስ አለው ማለት ነው። የሚነክሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሹፌሩን ነው። ደረጃውን ያከራየው ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ አይቼ አላውቅም።

ጣሊያን በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲገፋው ቦታውን ለ«አገሬው» ብሎ ነው የከለለው። ለራሱ ሰው ያልመረጠው ቦታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣሊያን ሄዷል፤ መርካቶ በራሷ ልጆች ጉልበት አገር የሚያስተዳድር ገበያ ሆናለች። ከአሁን በኋላ የተሸካሚውን ነፍስ ርካሽ አድርጎ የሚተምነው ቅኝ ገዢ አይደለም፤ እኛው ነን፣ ከተሸካሚው ጋር በአንድ ቋንቋ የምንሳደብና የምንሳሳቅ። መንግሥት መንገዱን ያስፋ፣ የውኃ መሳቢያ ይትከል፣ ተቆጣጣሪም ይላክ፤ ይህን ሁሉ መጠየቅ ተገቢ ነው። ተቆጣጣሪው በር ላይ ሲደርስ ግን ሻይ ጋብዞ የሚመልሰው ሰው መንግሥት አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለበዓል ልብስ ወይም ለቤት ዕቃ መርካቶ ስትወጣ ዋጋ ከመከራከርህ በፊት ሌላ ነገር ጠይቅ፦ «የኋላው በር የት ነው? ቁልፉስ ማን ጋ ነው?» ሻጩ ይስቅብሃል፤ ፋራ ይልሃል። ይበልህ። መልሱን ካላወቀ ወይም ቁልፉ ከባለቤቱ ኪስ ከሆነ፣ ለሠራተኛው ተናግረህ ውጣና ከሌላ ሱቅ ግዛ። እሳት ካየህ ደግሞ ስልኩ 939 ነው።